በጉድጓድ የሚኖሩ ተሳቢ እንስሳት የደም ተውሳክ፦ ወደ ሰው ይተላለፋል?

እንሽላሊት፣ እባብና ኤሊ በደማቸው ውስጥ ጥቃቅን ጥገኛ ተውሳኮችን ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ጉድጓድ ጥላና እርጥበት ስላለው መዥገርና ደም የሚመጡ ጥቃቅን ዝንቦችም ይሸሸጉበታል፤ እዚያ የሚያድረው እንስሳም ለንክሻቸው ይጋለጣል። በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ የእንሽላሊት ዝርያ ፕላስሞዲየም ሜክሲካነም በተባለ ተውሳክ ወባ ይይዘዋል። አስተላላፊዋ ግን የወባ ትንኝ ሳትሆን መሬት ቆፍረው በሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳት ጉድጓድ ውስጥ የምትገኝ የአሸዋ ዝንብ ናት። ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶም ሄፓቶዞን የተባለ ተውሳክ በደሙ ይገኝበታል። ብዙ ጊዜ እንስሳው የሕመም ምልክት አያሳይም።

እነዚህ ተውሳኮች ሰውን ያማሉ?

የእንሽላሊት ወባም ሆነ ሄፓቶዞን የሰው በሽታ አይደለም። የሰው ወባ በአኖፌለስ ትንኝ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለሆነ ግድግዳዎ ላይ የምትሮጠው እንሽላሊት አታመጣውም። የላቦራቶሪ ወረቀትዎ ላይ «ሄሞፓራሳይት» የሚል ቃል ቢያዩም አይደንግጡ፤ በደም ውስጥ የሚገኝ ተውሳክ ማለት ብቻ ነው። በአገራችን በዚህ ምርመራ በአብዛኛው የሚፈለገው ወባ ነው።

ጉድጓዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው

በቆላማ አካባቢ ለሚሠሩና ለቤተሰቦቻቸው ዋናው ስጋት ካላዛር ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት የአሸዋ ዝንቦች ቀን ቀን የሚያርፉት በእንስሳት ጉድጓድ፣ በኩይሳና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። በመተማና በሁመራ በኩል ግራርና በደኖ በሚበቅልበት ጥቁር መሬት፣ በደቡብ ደግሞ በኮንሶ አካባቢ ከኩይሳ ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ዝንቧ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም፤ ስለዚህ ብዙ ታማሚዎች መነከሳቸውን እንኳ አያስታውሱም።

እንሽላሊቶችም የራሳቸው የሌሽማኒያ ዓይነቶች አሏቸው፤ ካላዛርን የሚያመጣው ግን ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ሌላ ዝርያ ነው። ስለዚህ በእርሻ ቦታ እንሽላሊት መግደል ማንንም ከካላዛር አይጠብቅም። የሚጠቅመው ማታ ከዛፍ ሥርና ከኩይሳ አጠገብ አለመተኛት፣ በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ማደርና ሲመሽ እጅና እግርን መሸፈን ነው። ተራ አጎበር ቀዳዳው ሊያሳልፋት ይችላል።

ምልክቶቹ ከንክሻው በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይተው ይታያሉ። ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደጋ ቤቱ ገብቶ ሊታመም የሚችለው ለዚህ ነው፤ ሐኪሙም ካልተነገረው ካላዛርን ላያስብ ይችላል። ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ በጣፊያ እብጠት ምክንያት በግራ ጎን የሚሰማ ክብደት ወይም ነስር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የሠሩበትንም ቦታ ይናገሩ። ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ታማሚዎችን ይገድላል። ከታከመ ይድናል። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ሕክምናው ስለሚለይና በሽታው ሊያገረሽባቸው ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ መግለጽ አለባቸው።

ቤት ውስጥ ኤሊ ወይም እባብ ካለ

በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ኤሊ፣ እንሽላሊት ወይም ዘንዶ እንዲገዛላቸው ሲጠይቁ ሊያስቡበት የሚገባው የደም ተውሳኩን ሳይሆን ሳልሞኔላን ነው። ይህ ባክቴሪያ ጤነኛ በሚመስል እንስሳ ዓይነ ምድር ውስጥ ይኖራል፤ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። ዩናይትድ ስቴትስ ከ1975 ጀምሮ ትንንሽ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕፃናት ወደ አፋቸው ይከቷቸው ነበር። ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ አረጋዊ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት ባይኖር ይመረጣል። ካለም ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ማደሪያውንና የውሃ ዕቃውን ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ አይጠቡ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም ሕፃኑ ፈሳሽ መውሰድ ካልቻለ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ቤት ውስጥ ተሳቢ እንስሳ እንዳለም ይንገሯቸው።