ስሙ ሰፈር ላይ የቀረ ዛፍ

«ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ስንል ታሪክ እየጠራን እንደሆነ ልብ አንለውም። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ የሚናገረው ስልክ ያስደነቃቸው ሰዎች ያወጡት ስም ነው። «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ ያለችው ያደግሁባት መካኒሳም የዛፍ ስም ናት። አማርኛ ተናጋሪው ብሳና የሚለውን ዛፍ ኦሮሞው መካኒሳ ወይም በካኒሳ ይለዋል። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ የሚጠራው እንግዲህ ዛፍ ነው። እስቲ ዛፉን አሳየን ቢባል ግን የሚያሳይ ስንት ሰው ይገኛል?

እኔን ከዛፉ ጋር ያስተዋወቀችኝ አያቴ ናት። ልጅ ሆኜ ዓይኔ ቢጫ ሆነና «የወፍ በሽታ ነው» ተባለ። አያቴ ገና ሳይነጋ፣ ከማንም ሳትነጋገር ወጥታ ከወንዙ ዳር ካለው ብሳና ቅርፊት ልጣ መጣች። ወቅጣ፣ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ በስኒ ለክታ አጠጣችኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል» አለችኝ። ዳንኩ።

አንድ ጎረቤታችን ግን ከየትኛው ዛፍ እንደላጠች አይተው ኖሯል። አያቴ ካረፈች ከዓመታት በኋላ የእሳቸውም ዓይን ቢጫ ሆነ። ሄደው ያንኑ ቅርፊት ላጡ። ዛፉን ያውቁታል፤ መጠኑን አያውቁም። በስኒ የሚለካውን በጣሳ ጠጡት። ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድሮ በሰው ትከሻ ሐኪም ቤት ደረሱ። ነፍሳቸውን ያተረፈው ግሉኮስ ነው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ ስላለ ስለ ዛፉ ማንበብ ጀመርኩ። የሳይንስ ስሙ ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ነው። «ክሮቶን» በግሪክኛ መዥገር ማለት ነው፤ ዘሩ መዥገር ስለሚመስል። በአገራችን የቅጠሉ ጭማቂ ለጭርትና ለሚደማ ቁስል፣ ቅርፊቱና ሥሩ ለሆድ ትል፣ ለወባና ለወፍ በሽታ ሲያገለግል ኖሯል። ኬሚስቶች ከቅርፊቱ ሉፒዮል የሚባል ውህድ አውጥተዋል። ይህ ውህድ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ እብጠትና ብግነት ሲቀንስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከፍሬው ክሮቴፖክሳይድ የተባለ፣ በአይጦች ላይ የተወሰኑ የካንሰር እጢዎችን የሚገታ ውህድ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ፋርማሲ ግን አልደረሰም።

ዛፉ ሌላም ፊት አለው። የእስያ ዘመዱ የክሮቶን ቲግሊየም ዘይት አንድ ሁለት ጠብታው ሆድ ያጥባል፤ ሐኪሞች የተዉት በመርዛማነቱ ነው። ጎረቤታችን ላይ የደረሰውን ሳስብ ይህ አይገርመኝም። ሐቁን ለመናገር፣ ልጆችን የሚይዘው የወፍ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሄፓታይተስ ኤ ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ስለዚህ የእኔ መዳን ለቅርፊቱ ምስክር አይሆንም። የአያቴ ትልቁ እውቀት ምናልባት ማዳኑ ሳይሆን ስኒው ነበር፤ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቅ ነበር።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ልብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እርግጥ ሁሉም አልደበቀም፤ መድኃኒት በብራና የጻፉ ደብተሮች ነበሩን። የእነሱን ጽሑፍ ሰብስቦ «የኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ግን ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ነው። የእኛን ለማንበብ ፈረንሳይኛ መማር ሊኖርብን!

የመዘግየት ዋጋ ምን እንደሆነ ጥቁር እንጨት ይነግረናል። ይህ በእኛም ደጋ የሚበቅል የአፍሪካ ዛፍ ነው። ከቅርፊቱ ለፕሮስቴት እብጠት የሚሆን መድኃኒት ማውጣት እ.ኤ.አ. በ1966 በፈረንሳዊ ስም የፈጠራ መብት ተመዘገበ። ገበያው ሲደራ በካሜሩን ዛፉ ዙሪያውን እየተላጠ ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 ንግዱ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። እኛም በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 አውጥተን የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤት እንዳለው ደነገግን። ደግ አደረግን። ግን ማንም ያልመዘገበውን እውቀት የትኛው ዳኛ ያስመልስልናል?

ባለፈው ሰሞን ወደ ወንዙ ወረድኩ። ብሳናው የለም፤ የቆመበት ቦታ ላይ ግንብ አጥር አለ። ስሙ እንኳ ሰፈሩ ላይ ተርፏል። የአያቴ ስኒ ስንት ውሃ፣ ስንት ቅርፊት ይይዝ እንደነበር ግን አልጠየቅኋትም። እናንተ የምትጠይቁት ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ሳትጠጡት በፊት ጽፋችሁ ለሚመረምር ስጡት።