ውኃ የሚጠጣው ሌንስ

ቤታችሁ ውስጥ በመነጽር ፈንታ፣ ወይም ለሠርግና ለምርቃት ፎቶ ብሎ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት። «ማጠቢያው ሲያልቅብኝ በቧንቧ ውኃ ባለቀልቀው ምን አለበት?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አይቻልም። ምክንያቱ ያለው ሌንሱ በተሠራበት ታሪክ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ ዙሪክ ሆኖ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሠራው ሌንስ ከመስታወት ነበር። መጀመሪያ በጥንቸል፣ ቀጥሎም በራሱ ዓይን ላይ ሞከረው። የዓይንን ነጭ ክፍል ጭምር የሚሸፍን ትልቅ ነገር ስለነበር ከጥቂት ሰዓት በላይ አያስችልም። በኋላ አነስ ያሉ የፕላስቲክ ሌንሶች መጡ፤ እነሱም ግን ደረቅ ነበሩ።

ለውጡ የመጣው ከፕራግ ነው። ኬሚስቱ ኦቶ ቪክተርሌ በ1961 የገና ሰሞን፣ ቤቱ ውስጥ፣ በልጁ የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻና በብስክሌት ዲናሞ አንዲት የምትሽከረከር መሣሪያ ሠራ፤ በእሷም ለስላሳ ሌንስ አወጣ። (ልጆቻችሁ መጫወቻ ሲፈታቱ አትቆጧቸው!) የተጠቀመበት ቁስ ውኃ ይመጣል፤ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ውኃ ሊሆን ይችላል። ለዓይን የተመቸውም ለዚህ ነው። በ1971 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ።

ነገር ግን ውኃ የሚመጥ ነገር፣ ውኃው ውስጥ ያለውንም አብሮ ይዞ ይገባል። በዚያን ጊዜ ብዙ ተጠቃሚዎች የጨው እንክብል በተጣራ ውኃ እየበጠበጡ የሌንስ ማስቀመጫ ፈሳሽ እቤታቸው ያዘጋጁ ነበር፤ ርካሽ ነው። ውኃው የተጣራ ቢሆንም ከጀርም የጸዳ አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል፣ በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር የብዙ ሌንስ ተጠቃሚዎችን ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይናችንን የፊት መስታወት፣ ማቁሰል ጀመረ። ሲጣራ እቤት የሚበጠበጠው ጨው ዋነኛ መንስኤ ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሕክምናው ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዱ ኮርኒያ እስከ መቀየር ይደርሳል። ይህ ፍጡር ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ክሎሪንን ስለሚቋቋም የቧንቧ ውኃም አያስተማምንም፤ ሮቶና ጀሪካን ውስጥ ቀናት የከረመውማ አይነሣ። ምራቅም አይሆንም። ገላ ስትታጠቡም ሆነ ስትዋኙ ሌንሱን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ።

ስለ እንቅልፍም እንዲሁ ዋጋ ተከፍሎበታል። በ1981 አሜሪካ 30 ቀን ሳይወልቁ የሚደረጉ ሌንሶችን ፈቀደች። በ1989 የወጣ ጥናት፣ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች በዓመት 4 ያህሉ የኮርኒያ ቁስለት ሲይዛቸው፣ ተኝተው ከሚያድሩበት መካከል ግን 21 ያህሉን እንደሚይዝ አሳየ። 30ው ቀን ወደ 7 ወረደ። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከአየር ነው። ሌንስ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ በሁለት ክዳን ታፈነ ማለት ነው። እኔ ለታካሚዎቼ 7ቱንም ቀን አልመክርም፤ ማታ ይውለቅ።

ለውበት የሚደረገው ባለቀለም ሌንስ ከዚህ ሁሉ ነፃ የሚመስላቸው አሉ። ዓይን ላይ ሲቀመጥ ልዩነት የለውም። አሜሪካም ከ2005 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሸጥ በሕግ ደንግጋለች። ልጃችሁ ከጓደኛዋ ጋር እየተዋዋሰች ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሟት።

ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ ወይም ከደበዘዘ ሌንሱን አውጥታችሁ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። እቤት የተረፈ ጠብታ አትጨምሩ፤ አንዳንዱ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል። ሌንሱንና ማስቀመጫውንም ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላብራቶሪው ናሙና ሊወስድባቸው ይችላል።