ጣውላ ወይስ ላሚኔት? ከቬርሳይ እስከ ኪራይ ቤት

ቤት የሚያድስ ሰው ወለሉ ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ጣውላ ይሁን ላሚኔት? ሻጩ ስለ ቀለምና ስለ ዋጋ ያወራል። ታሪኩ ሲታይ ግን ክርክሩ ከቀለም በላይ ነው፤ የውኃ፣ የደን፣ ከሁሉም በላይ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ከውኃ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1684 በፈረንሳይ ነገሥታት መኖሪያ በቬርሳይ የእምነ በረድ ወለል እየተነሳ በእንጨት ፓርኬ ይተካ ጀመር። ምክንያቱ ጌጥ ብቻ አልነበረም። እምነ በረድ በየጊዜው መታጠብ ነበረበት፤ ውኃው ደግሞ ከሥር ያሉትን ተሸካሚ እንጨቶች ያበሰብስ ነበር። ፓርኬ ግን ይጠረጋል፣ ሰም ይቀባል፣ ይወለወላል። ከቤተ መንግሥት ወደ ባለጸጎች ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተሜው መኖሪያ ወረደ። አዲስ አበባም ደርሷል፤ በንጉሡ ዘመን በተሠሩ ቪላዎች ውስጥ ዛሬም ሰም ሲቀባ የሚያበራ ፓርኬ ይገኛል።

ላሚኔት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ ዳንኤል ኦኮነር በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ ሚካ የተባለውን ማዕድን የሚተካ ነገር ይፈልግ ነበር። ሬዚን የተነከረ ጨርቅ በሙቀትና በግፊት አጠንክሮ አገኘው። በዓመቱ ከባልደረባው ከኸርበርት ፌበር ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ስሙንም «በሚካ ፋንታ» ከሚለው አወጡት። እኛ አገር ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ፎርማይካ ይኸው ነው።

ከጠረጴዛ ወደ ወለል ያወረደው የስዊድኑ ፐርስቶርፕ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፈለሰፈው፤ በ1984 «ፐርጎ» በሚል ስም ለአውሮፓ ገበያ አቀረበው፤ በ1994 አሜሪካ ገባ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተፈጭቶና በሙጫ ታምቆ የተጠፈጠፈ እንጨት፣ በላዩ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት፣ ከዚያ ጭረት የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን። እግራችን የሚረግጠው የእንጨት ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የስዊድኑ ቬሊንጌና የቤልጂየሙ ዩኒሊን ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ገጣጠም ሲያወጡ፣ ባለሙያ ብቻ ይሠራው የነበረ ወለል በአንድ ቀን የሚነጠፍ፣ ሲፈለግም የሚነሳ ሆነ።

ርካሽነቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ለምበር ሊኩዊዴተርስ ኩባንያ ከቻይና አስመጥቶ የሚሸጠው ላሚኔት ከካሊፎርኒያ ሕግ በላይ ፎርማልዴሃይድ እንደሚያወጣ ዘገበ። ይህ ጋዝ የሚወጣው ከሙጫው ነው። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተጨማሪውን የካንሰር ስጋት በ100,000 ሰው ከ2 እስከ 9 ብሎ አወጣ። ወዲያው ግን የጣሪያ ከፍታን ከጫማ ወደ ሜትር ሳይቀይሩ ማስላታቸው ታወቀና ከ6 እስከ 30 ተብሎ ታረመ። ኩባንያው በ2017 በ36 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተገደደ። ይህ ማለት ላሚኔት ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ካርቶኑ ላይ የልቀት ደረጃው መጻፉን ሳያዩ መግዛት ግን ከዚያ በኋላ ምክንያት የለውም።

ጣውላውስ ንጹሕ ነው? አዲስ አበባ እንጨት ጨርሳ ልትፈርስ የተቃረበች ከተማ ናት። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ለጥሩ ጣውላ ስማቸው የሚነሳው እነዚሁ ናቸው። የእንጨት ፍርፋሪ ተጠፍጥፎ ወለል መሆኑ በዚህ በኩል ሲታይ ውለታ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን መታደስ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሲጫጫር ይላጋል፤ ደጋግሞም ይታደሳል። አያቶቻችን በእበት ይለቀልቁት የነበረው የአፈር ወለልም ሕጉ ይኸው ነበር፤ ሲሰነጠቅ ይለቀለቃል እንጂ አይጣልም። ላሚኔት ሲላግ ሥዕሉ ይጠፋል። ውኃ በመጋጠሚያው ከገባ ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም። ወለል በባልዲ ውኃ ለሚታጠብበት፣ ጤዛ ያልደረቀ ቄጠማ ለሚጎዘጎዝበት፣ የከሰል ምድጃ ሳሎን ለሚገባበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱ ያለው በቆይታው ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ነገ ውሉ ይታደስ አይታደስ የማያውቅ ተከራይ ሃምሳ ዓመት የሚኖር ወለል ቢያነጥፍ ለባለቤቱ ነው የሚደክመው፤ ነቅሎት የሚሄደው ላሚኔት ለእሱ ትክክል ነው። ለልጆቹ ቤት የሚያወርስ ሰው ግን በርካሽ የገዛውን ወለል ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ሊገዛው ይችላል።

አንድ ከተማ ሕዝቡ የትኛውን ወለል እንደሚመርጥ ማወቅ ከፈለገ የጣውላን ዋጋ ብቻ አይጠይቅ፤ ሰው በቤቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ እርግጠኛ መሆኑን ይጠይቅ። ነገውን የሚያምን ሰው የሚታደስ ነገር ያነጥፋል።