ሥርዓቱ የፈረሰ ክሪስታል፦ የአልፋ ጨረር ጉዳትና ፕሉቶኒየም የሚታሰርባቸው ሴራሚኮች

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ ፕሉቶኒየምን አስረው እንዲያቆዩ የታሰቡ ሴራሚኮች ከራሳቸው ውስጥ በሚመነጭ የአልፋ ጨረር እንዴት እንደሚጎዱ ይመረምራል። የአንድ ሴራሚክ ብቃት መመዘን ያለበት በጨረር ከተጎዳ በኋላ በሚኖረው ጽናት ነው ሲልም ይከራከራል።

መነሻ

የፕሉቶኒየም-239 ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ዘመን ታስሮ መቆየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አውስትራሊያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ቴድ ሪንግዉድ ሲንሮክ የተባለውን ሰው ሠራሽ ዐለት ያቀረቡት ከተፈጥሮ ተነሥተው ነው፤ ዩራኒየምና ቶሪየምን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይዘው የኖሩ ማዕድናት ካሉ፣ አምሳያቸውን ሠርቶ የኑክሌር ዝቃጭን በክሪስታላቸው ውስጥ ማሰር ይቻላል።

የጉዳቱ አፈጣጠር

ፕሉቶኒየም-239 ሲፈርስ አልፋ ቅንጣትና ዩራኒየም-235 ይገኛሉ። አልፋ ቅንጣቷ 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ቢኖራትም አብዛኛውን ለኤሌክትሮኖች ስለምታካፍል የምታፈናቅላቸው አቶሞች ጥቂት መቶ ናቸው። ከባዱን ጉዳት የሚያደርሰው ወደ ኋላ የሚስፈነጠረው የዩራኒየም ኒውክሊየስ ነው፤ ጉልበቱ 86 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ ሁሉንም በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ውስጥ ያራግፋል። በአንድ ፍርሰት የሚፈናቀሉት አቶሞች ከ1,000 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመት ነበር። ኢያን ፋርናንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ግን ዚርኮን በተባለው ማዕድን ውስጥ ቁጥሩ 5,000 ያህል መሆኑን አሳየ። በዚህ ስሌት ከክብደቱ 10 በመቶው ፕሉቶኒየም-239 የሆነ ዚርኮን በ1,400 ዓመት ውስጥ የክሪስታል ሥርዓቱን ያጣል። ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ዚርኮን በ18 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ እብጠት ስንጥቅን ያመጣል፣ ስንጥቅም ለውኃ መግቢያ ይሆናል።

የስብጥር ሚና

የጉዳቱ ውጤት እንደ ሴራሚኩ ስብጥር ይለያያል። ጋዶሊኒየም ታይታኔትና ጋዶሊኒየም ዚርኮኔት ሁለቱም ፓይሮክሎር የተባለው የክሪስታል መዋቅር ቤተሰብ ናቸው። በከባድ አየኖች ሲደበደቡ ታይታኔቱ ሥርዓት አልባ ይሆናል፤ ዚርኮኔቱ ግን ወደ ፍሎራይት መሰል መዋቅር ተለውጦ ክሪስታልነቱን ይጠብቃል። በዚርኮኔቱ ውስጥ ጋዶሊኒየምና ዚርኮኒየም ቦታ ለመለዋወጥ የሚጠይቁት ጉልበት አነስተኛ በመሆኑ፣ ያለቦታው ያረፈ አቶም መዋቅሩን አያፈርስም።

ውይይት

የሥርዓት መፍረስና የመያዝ ዐቅም ማጣት ለየብቻ መታየት አለባቸው። በተፈጥሮ የሚገኙ ዚርኮኖላይት የተባሉ ማዕድናት መዋቅራቸው በጨረር ከፈረሰ በኋላም ዩራኒየምና ቶሪየማቸውን ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ይዘው ቆይተዋል። በጨረር የተጎዳ ዚርኮን ደግሞ በውስጡ የተጠራቀመውን እርሳስ በቀላሉ ይለቃል። ግማሽ ዕድሜው 87.7 ዓመት ብቻ በመሆኑ በፍጥነት በሚፈርሰው ፕሉቶኒየም-238 የሚደረጉ ሙከራዎች የረጅም ዘመን ጉዳትን በጥቂት ዓመታት ያሳያሉ። ሆኖም ጉዳቱ ሲፈጥን ክሪስታሉ ራሱን በዝግታ የሚጠግንበት ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚህ የቤተ ሙከራው ውጤት ከጥንታውያን ማዕድናት ምስክርነት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ለፕሉቶኒየም የሚመረጥ ሴራሚክ ከመጽደቁ በፊት ሙሉ ጉዳት በደረሰበት ናሙና ላይ እብጠቱ፣ ስንጥቁና በውኃ የመሟሟት ፍጥነቱ መለካት አለባቸው። በአዲስ ናሙና ብቻ የተገኘ ውጤት የሚናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ኃላፊነታችን ግን ገና ያልተወለዱ ትውልዶችን ይመለከታል።