«ሳላማት»፦ ማኒላ ላይ የቀረች የዐረብኛ ቃል



ዱባይ ወይም ሪያድ ሠርታ የተመለሰች እህት ያለችው ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማት አይቀርም። ፊሊፒናዊት የሥራ ጓደኛዋ ጨው ስታቀብላት እንኳ «ሳላማት» ትላታለች። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። የኛ ልጆች መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል፤ የቤቱ እመቤት «ሰላማት» የምትለው ለታመመ ወይም እንቅፋት ለመታው ሰው ነዋ፤ «አይዞህ፣ አላህ አፊያ ያድርግህ» እንደማለት።

ሁለቱም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሲን፣ ላም፣ ሚም። እኛም ሰላም፣ ኢስላም፣ ሙስሊም የምንለው ከዚያው ነው። «ሰላመት» ደህንነት ማለት ነው። መድረሳ የቀራ እንደሚያውቀው መጨረሻዋ ታእ መርቡጣ ናት፤ ዐረቦች ሲያቆሙባት «ሰላማህ» ይላሉ። የማላይ ሕዝብ ግን እንደ «ራሕማት» እና «ሒክማት» ሁሉ ይህችንም ከነ«ት»ዋ ወሰዳት፤ «ሰላማት» አላት። በማላይኛ ዛሬም ደህና፣ ከአደጋ የተረፈ ማለት ነው፤ እንደምን አደርክም፣ እንኳን ደህና መጣህም፣ መልካም ጉዞም በእሷ ይጀመራሉ።

ታዲያ ደህንነት እንዴት ምስጋና ሆነ? የታጋሎግ ተናጋሪ ዛሬም «እንኳንም መጣህ» ለማለት «ሳላማት» ብሎ ይጀምራል። እፎይታው ወደ ምስጋና የተሸጋገረ ይመስለኛል። ለኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የወሎ እናት ውሃ ስታቀብሏት «አላህ ይስጥልኝ» ትል የለም? ቃሉ ዱዓ ነው፤ ሥራው ግን ምስጋና ነው።

ቃሏን ማኒላ ያደረሳት የባሕር ንግድ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማላካ የሙስሊሞች ታላቅ ወደብ ነበረች፤ ማላይኛም የወደቦች ሁሉ መግባቢያ ሆነ። በመርከቦቹ ሌሎች ቃላትም ገቡ። ታጋሎጎች ዳኛን «ሁኮም» ይሉታል፤ ሑክም ከሚለው ነው። መገመትን «አካላ» ይላሉ፤ እኛ «አቅሉን ሳተ» የምንልበት ያው ዐቅል ነው። አልኮል መጠጥን ደግሞ «አላክ» ይላሉ፤ የኛ አረቄ ወንድም። (ዐረብኛ ሐራሙንም ሐላሉንም አብሮ ይጭናል!)

ማኒላ ራሷ በ1570 እ.ኤ.አ. ራጃ ሱለይማን የሚባል ሙስሊም ገዢ ነበራት፤ ቤተሰቡ ከብሩናይ ሱልጣኖች ጋር የተዛመደ ነበር። በዚያው ዓመት የስፔን ወታደሮች ከተማዋን ወጉ፤ በ1571 ሌጋዝፒ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። መስጂድ ሊኖርበት የሚችለው ወደብ ካቴድራል በቀለበት። ቃላቱ ግን አልተባረሩም። የማኒላ ካቶሊክ ጸሎተ ሃይማኖቱን በታጋሎግ ሲደግም፣ በሕያዋንና በሙታን መፈረድን የሚናገርበት ግሥ እስከ ዛሬ ከዚያው «ሁኮም» የወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ፊሊፒኖች በሙሉ ሙስሊም እንደነበሩ ቋንቋቸው ይመሰክራል» የሚል ጽሑፍ ወንድሞች ሲቀባበሉ አያለሁ። ልብ ደስ ይለዋል፤ እውነት ግን አይደለም። ስፔናውያኑ ራሳቸው እንደጻፉት በማኒላ አካባቢ ኢስላም በባሕር ዳርቻ ሰፈሮች የተወሰነና ገና ሥር ያልሰደደ ነበር፤ ብዙዎች ከአሳማ ሥጋ ከመራቃቸው በቀር ስለ ዲኑ የሚያውቁት ጥቂት ነበር። ቃል መበደር ሸሃዳ መያዝ አይደለም። እንደዚያ ቢሆን «አረቄ» የሚል ሁሉ ሙስሊም በተባለ ነበር። ዲናችን በሐሰት ማስረጃ አይጠናከርም፤ አንድ ቀን ያነበበ ሰው ሲያፈርሰው የምናፍረው እኛ ነን።

እውነተኛው ታሪክ ይበቃናል። በደቡብ፣ በሱሉ፣ የዐረብ ጦር ሳይዘምት በነጋዴዎችና በዳዒዎች እጅ ኢስላም ገባ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣኔት ቆመ፤ ስፔንም ከ300 ዓመት በላይ ብትዋጋው እንደ ማኒላ ልታደርገው አልቻለችም። ዛሬ ከፊሊፒንስ ሕዝብ ከ100 ሰው 6 ያህሉ ሙስሊም ነው፤ አብዛኛውም በዚያ በደቡቡ ይኖራል።

የሱሉ ታውሱጎች ታዲያ ሲያመሰግኑ «ማግሱኩል» ይላሉ። «ሱኩል» ያው ሹክር ነው። የማኒላው ክርስቲያን በሰላመት፣ የሱሉው ሙስሊም በሹክር ያመሰግናል።

ወላሁ አዕለም።