የጎደለን አጥንት በምን ይተኩታል?



ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ከግንባታ ላይ ወድቆ ራሱን ሲመታ፣ ሐኪሞች ላበጠው አንጎሉ ቦታ ለመስጠት መዳፍ የሚያህል የራስ ቅል አጥንት አነሡለት። አጥንቱ እንዳይበላሽም በገዛ ሆዱ ቆዳ ሥር አስቀመጡት። እኅቴ ይህን ስትሰማ «ልጄን ምን አደረጉት?» ብላ ጮኸች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅና ማንበብ ያዝኩ።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊው ሐኪም ፋሎፒዮ የተሰበረን ራስ ቅል በወርቅ ዝርግ ስለ መሸፈን ጽፏል። በ1668 የታተመው የሆላንዳዊው ሐኪም የቫን ሜከረን መጽሐፍ ደግሞ ስለ አንድ ሩሲያዊ ባላባት ያወሳል። የጎደለው አጥንቱ በውሻ አጥንት ተሞልቶለት ዳነ። ቤተ ክርስቲያን ግን የእንስሳ አጥንት ይዘህ አትገባም ብላ አወገዘችው። ሰውየውም አውጡልኝ ብሎ ለመነ። ከቁስሉ ይልቅ ከሰው መለየቱ አመመው።

በ1885 ስኮትላንዳዊው ማኬዌን የሕመምተኛውን የራሱን የአጥንት ስብርባሪ መልሶ ተከለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉት በዙና ታንታለም የሚባል ብረት ሥራ ላይ ዋለ። ብረቱ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚያስተላልፍ ራስ ምታት ያመጣ ነበር፤ በራጅም ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል። በዚያው ዘመን አክሪሊክ መጣ፤ ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበት ማለት ነው። እንደ ሊጥ ተለውሶ፣ እየሞቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ዋጋው ይቀላል፤ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ታይታኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሰውነትም ይቀበለዋል። ዛሬ በሲቲ ስካን ምስል እየተለካ ለእያንዳንዱ ሰው ልክ ይዘጋጃል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

የራስን አጥንት የመሰለ የለም ይባላል፤ ሆኖም እሱም አንዳንድ ጊዜ ይሟሟል፣ ወይም ያመረቅዛል። የእኛ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። የተመለሰለት አጥንት አመርቅዞ እንደገና ወጣ። አሁን ምርጫው አክሪሊክ ወይስ ታይታኒየም የሚለው ሆኗል፤ እኅቴም ቀን ዋጋ ስታሰላ፣ ሌሊት ስታለቅስ ትከርማለች።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ አጥንቱ የት ተቀመጠ? መቼ ይመለሳል? እስከዚያስ ራሱን በምን እንጠብቀው? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትኩሳት ወይም መግል ካያችሁ አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ።

ልጁ ሰው እንዳያየው ኮፍያውን ደፍቶ ቤት ውሏል። ያንን ባላባት ባሰብኩ ቁጥር እሱ ይታየኛል። ብረቱን ሐኪም ያበጀዋል፤ ከሰው እንዳይለይ ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ቡና በምንጠጣበት ቀን ጥሩት፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ኳስ አጫውቱት።