3 ሚዳቋ የቀሩበት ሸለቆ

የዛሬው ታሪካችን ኢየሩሳሌም መሀል ያለው ኤሜክ ሃጽቫይም ነው፤ የሚዳቋ ሸለቆ ማለት ነው።

ድሮ ኪቡጾች ፍራፍሬ ያለሙበት ነበር። በ1990ዎቹ ቦታው ለቤት ግንባታ ታጨ። የቤጊን መንገድ ሲሠራ ደግሞ ሚዳቋዎቹ መውጫ አጡ፤ መኪናና ውሻ ፈጃቸው። በመጨረሻ 3 ብቻ ቀሩ።

የሰፈሩ ሰዎች ግን «አይሠራም!» ብለው ብቻ አልቀሩም። ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው የራሳቸውን ፕላን አወጡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

በ2015 ሸለቆው ታጥሮ ፓርክ ሆነ። ከሰፈሮቹ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሚዳቋዎቹም ወልደው በዙ። በጎ ፈቃደኞች አረም እየነቀሉ የአገሩን ተክል ያለማሉ።

እኛስ? ሰፈራችን ላይ ፕላን ሲመጣ እምቢ ማለት ይቻላል። ግን እምቢ ስንል የራሳችንን ፕላን ይዘን እንግባ።